አራት ጣት፣ ሦስት ሐይድ

አማቴ ከሪማ ኮምቦልቻ ገበያ መሃል ቆማ፣ ሆዴን በጣቷ እየጠቆመች «ይሄ የልጄ አይደለም» ስትል፣ ሆዴ ውስጥ ከቁርሴ በቀር ምንም አልነበረም። ፊት ለፊት ሁልጊዜ እርስዎ ብያታለሁ፤ አማት ናትና። እዚህ ግን እሷ እላታለሁ። እርስዎ የሚለውን ቃል ለሚገባው ሰው አስቀምጬዋለሁ።

ልጄን ጀላልን የወለድኩት በሰባ ስምንት ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ እሷ ቤት፣ ሁለት ቀን አምጬ ነው። አዋላጇ ልጁን ስትቀበል «ይሄ ልጅ ነው ኮርማ?» ብላ ሳቀች። ባሌ እንድሪስ በአሰብ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ልጁ አርባ ቀን ሳይሞላው መኪናው ከነሹፌሩ ለጦሩ ስንቅ ማመላለሻ ተፈለገና ወደ ሰሜን ሄደ። ዘመኑ እምቢ የሚባልበት አልነበረም። ስድስት ወር ሙሉ፣ አልፎ አልፎ በሌላ ሹፌር ሰላምታ ከመላኩ በቀር፣ ድምፁን አልሰማሁም።

አማቴ ከመጀመሪያውም አልፈለገችኝም። ለልጇ የእህቷን ልጅ ልትድርለት አስባ፣ እሱ ከሐርቡ እኔን ይዞባት መጣ። በአራስነቴ ግን አልተለየችኝም፣ እውነቱን ልናገር። «ሆድ የሚገባው በመታጠቅ ነው» እያለች መቀነቱን ራሷ ታስርልኝ ነበር። ጉልበቷን ወገቤ ላይ አስደግፋ እስክቃትት ድረስ ትስበዋለች። ከዚያ ከቦኖ ውሃ እንድቀዳ ትልከኛለች። እንስራውን አዝዬ ዳገቷን ስወጣ መቀነቱ መሃሌን ጨምቆ ሆዴን ከላይም ከታችም ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጠዋት ከአልጋ ቀጥ ብዬ ልነሳ ስል ከእምብርቴ በላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ እንደ ድንኳን ጫፍ ቁልል የሚል ነገር ነበር። ወገቤማ የእኔ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ስነግራት «አጥብቀሽ ስላልታጠቅሽ ነው» ትለኛለች። እሷ ዘጠኝ ወልዳ፣ ዘጠኝ ጊዜ እንዲሁ ታጥቃ ውሃ ቀድታለች፤ ታዲያ ምን ሆነች? ይህን ጥያቄ ያኔ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ።

ስድስት ወር አለፈ፣ ሆዴ አልገባም። እንዲያውም ለሚያየኝ ሰው የአራት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር እመስል ነበር። ያን ጊዜ ነው ገበያ ላይ የጠቆመችብኝ። እንድሪስ በሚያዝያ ሲመለስ ደግሞ ገና ፊቱን ሳይታጠብ ጓዳ ይዛው ገባች። ሲወጣ ልጁን ጀላልን እንኳ አላቀፈውም። ሆዴን አየው፣ ከዚያ ግድግዳውን።

በሦስተኛው ቀን ሸህ ሰይድ ቤት ተሰበሰብን። ሸህ ሰይድ ሰፈሩ ሲጋባ ኒካሕ የሚያስሩለት፣ ሲጣላም የሚያስታርቁት ሽማግሌ ናቸው። እንድሪስ «አንድ ፈትቻታለሁ» አለ፤ ሦስት እስካልሞላ መመለሻ ያለው ፍቺ ነው። እኔ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ ሦስት ጊዜ «ወላሂ አላረገዝኩም» አልኩ። ሐይዴ፣ የወር አበባዬ፣ በመጋቢት እንደተመለሰም ተናገርኩ። አማቴ «የተያዘች ሴት የማትለው የለም» አለች፤ ሰውም አንገቱን ነቀነቀ።

ሸህ ሰይድ ፈረዱ። «ሆድ ተደብቆ አይቀርም፤ እንጠብቃለን። ከወለደች ጀላል ወደ አባቱ ቤት ይሄዳል። ካልወለደች ልጇም ስሟም የእሷ ነው። ሌላ ሳታገባ የምትጠብቀው ኢዳዋ የታወቀ ነው፤ ያረገዘች በመውለድ፣ ያላረገዘች በሦስት ሐይድ ያልቃል። እስከዚያ እንድሪስ መልሻታለሁ ካለ ሚስቱ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ያለ እሷ ፈቃድ አይሆንም።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር የተሰበሰበው ሰው የሰማው ግማሹን ብቻ ነበር። እኔም ብሆን ያን ቀን ከ«ጀላል ወደ አባቱ ቤት» በኋላ ጆሮዬ ተደፍኗል። ልጄን አዝዬ ገበያው አጠገብ በርበሬ ከምትሸጠው አክስቴ ከለይላ ዘንድ ገባሁ።

ለይላ ሆዴን በመዳፏ ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። «አንቺዬ፣ ልጅስ አይደለም። እባጭ እንዳይሆን» አለች። በማግስቱ የሐረጎ ዳገትን በአውቶብስ ወጥተን ደሴ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ሽንቴን አስመረመረ፣ ሆዴን ነካካ፣ እባጭም እርግዝናም የለም አለና በወረቀት ጽፎ ማኅተም መታበት። «ለሆድሽ ግን መጨረሻ ላይ ያለችውን ክፍል አንኳኪ» አለኝ።

መጨረሻ ላይ ያለችው ክፍል በክራንች የሚሄዱ ወታደሮች የሞሉባት ነበረች። አንዱ እግሩን በሽቦ ሞላ አስሮ ይስባል፣ ሌላው ግድግዳ ይዞ መራመድ ይማራል። መሃላቸው የምትዞረው ሲስተር ፀሐይነሽ ነበረች፤ አጭር፣ እጀታዋን እስከ ክርኗ የጠቀለለች፣ ነርስ ሆና ጀምራ ፊዚዮቴራፒ የሚሉትን ሙያ ምሥራቅ ጀርመን ተምራ የመጣች ሴት። መጋረጃ ጋርዳ በጀርባዬ አስተኛችኝና ጉልበቴን አሳጠፈችኝ።

«ጭንቅላትሽን ብቻ ቀና አድርጊ።»

ቀና ስል ያ ድንኳን ተነሳ። እሷ ጣቶቿን ከእምብርቴ በላይ አጋደመችና ጫን አደረገች። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ሲገቡ ተሰማኝ።

«አራት ጣት» አለች። «የሆድሽ ጡንቻ ግራና ቀኝ ነው። መሃል የሚያያይዘው ስስ ነገር ልጁ ሲገፋው ሰፍቶ ቀርቷል። አልተቀደደም፣ ላልቷል። የያዝሽው ነገር የለም፤ አንጀትሽ ነው በዚያ ክፍተት ወደ ውጭ የሚገፋው። ወገብሽንም የሚያምሽ ፊት ለፊት የሚይዘው አጥቶ ነው።»

«መቀነት አይዘጋውም?»

«መቀነት ሲይዝልሽ ጡንቻሽ ሥራ ይፈታል። ከዚያ እንስራ ስትጨምሪበት ክፍተቱን ታሰፊዋለሽ። ማን ነው ያሰረልሽ?»

«አማቴ» አልኩ፤ ስሟን ሳልጠራ። ከዚያ ግን ሳላስበው እንባዬ መጣ። ሐዘን አልነበረም። ሆዴን ራሷ ገፍታ አውጥታ፣ ራሷ ጠቁማበት፣ ልጄን ልትወስድበት ነው ብዬ ስገነዘብ የመጣ ንዴት ነው።

ፀሐይነሽ እንባዬን እንዳላየች ሆና ሥራዋን ቀጠለች። በአፍንጫዬ አየር ስቤ ጎኔን እንድነፋ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ስተነፍስ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከታች ጀምሬ ሆዴን ወደ ጀርባዬ እንድሰበስብ፣ እስከ አሥር እንድቆጥር አሳየችኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። አራት ላይ ስደርስ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ከአልጋም ቀጥ ብዬ እንዳልነሳ፣ በጎኔ ተገልብጬ በእጄ ተደግፌ እንድነሳ አስጠነቀቀችኝ።

«ሆድሽ ቁልል ካለ አቁሚ፤ ከአቅምሽ በላይ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ነይ። ቤትሽ ደግሞ በቀን ሦስቴ።»

ወታደሮቹ የሚጎትቱትን የአልጋ ሞላ አይቼ ለእኔም ይሆን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ቆይተን እንደርስበታለን» አለችኝ። «ፒላተስ የሚባል ጀርመናዊ ነበረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ይዘውት ሳለ ለታመሙት እስረኞች የአልጋ ሞላ እየፈታ ተኝተው ጡንቻቸውን ያሠራቸው ነበር ይባላል። መምህሬ ካስተማረችኝ ግማሹ የእሱ ነው።»

«ታስሮ ሳለ?»

«ታስሮ ሳለ።»

«ያሰሩትንስ በመጨረሻ ምን አደረጋቸው?»

ፀሐይነሽ ሳቀች። «እኔ እንጃ። እሱ ግን ጠንክሮ ወጣ።»

ሐረጎን ስንወርድ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ደረቴ ውስጥ ይዤ፣ ከአውቶብስ ወርጄ በቀጥታ ሸህ ሰይድ በር ላይ የምጮኸውን እያሰላሰልኩ ነበር። ለይላ ጀላልን እንዳቀፈች ሰማችኝና «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ታፍራለች።»

«ታፍራለች። እንድሪስም መልሻታለሁ ይላል፤ አንድ ቃል ነው። ዛሬ ብታሳዪው ዛሬ ማታ እዚያ ቤት ነሽ። መቀነቱን ማን ያስርልሻል መሰለሽ?»

አውቶብሱ ሁለት ጠመዝማዛ አለፈ። ሸህ ሰይድ የተናገሩት ሁለተኛው ግማሽ ያን ጊዜ ጆሮዬ ገባ። እነሱ ኢዳዬን በሆዴ ነው የሚቆጥሩት። ወልዳ እስክትገላገል ጊዜ አለን ብለው ተቀምጠዋል። የእኔ ኢዳ ግን በሐይድ ነው፤ ሦስት ወር። ሦስቱ ወር እስኪያልፍ ዝም ካልኩ ልጄም ይቀርልኛል፣ ስሜም ይነጻል፣ ወደዚያ ቤትም የሚመልሰኝ ኃይል የለም። ዛሬ ከተናገርኩ ግን ስሜ ነጽቶ፣ ልጄን ይዤ፣ እንስራ ልሸከም እመለሳለሁ። ወረቀቱን ከለይላ ፍራሽ ሥር ከተትኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ቁጥር ይዤ ኖርኩ። ጣት እየቀነስኩ፣ ሐይድ እየጨመርኩ። ጠዋት፣ ቀትር፣ አመሻሽ ላይ ምንጣፌን አነጥፋለሁ። ጀላል አጠገቤ ሆኖ እግሬን ይጎትታል። እሰበስባለሁ፣ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ አሥር ሲሞላ እንዲህ አልኩ፤ ይቺ ለገበያው። ቀጥሎ ለምንጣፉ። ቀጥሎ ለመቀነቱ። ፀሐይነሽ ስትቆጥር አንድ ሁለት ትላለች፤ እኔ የምቆጥረው የአማቴን ቃላት ነበር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ለእኔ ያዋሱኝ ትንፋሽ ነበር፣ በቃኝ።

ተረከዜን መሬት ላይ እየሳብኩ አንድ እግር መዘርጋት፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮች ተራ በተራ ማንሳት፣ ከዚያ በላስቲክ መሳብ መጣ። ላስቲኩ እንድሪስ ለእቃ ማሰሪያ ብሎ ከመኪናው ጎማ ውስጥ ቆርጦ ያስቀመጠው፣ ከጓዜ ጋር አብሮ የመጣ ነው። የበሩ መቃን ላይ አስሬ ስስበው የእሱን አንገት የምስብ ይመስለኝ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። በግንቦት መጨረሻ ሦስት ጣት ሆነ። የመጀመሪያው ሐይድም ቀድሞ መጥቶ ነበር።

ችግሩ ሆዴ መግባቱ ነው። ሌላ ሴት በደስታ የምታለቅስበት ነገር እኔን አስፈራኝ። ስለዚህ ከአሮጌ ጋቢ ቅዳጅ ጠቅልዬ በቀሚሴ ሥር በዚያው በአማቴ መቀነት አሰርኩት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቅዳጅ እጨምርበታለሁ። ገበያ ስወጣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ጎንበስ ቀና እላለሁ። ረመዳን በግንቦት ነበር፤ ሐይድ ላይ ስለነበርኩ የማልጾምበትን ቀን አይተው እንኳ «ነፍሰ ጡር ናት፣ ምን ታድርግ» አሉ። አማቴ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጋር ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወራቴን ትቆጥርልኛለች። «ስድስተኛዋን ይዛለች» ትላለች። ያን ሰሞን እንደሷ ያስደሰተኝ ሰው የለም። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ቅዳጁን ፈትቼ እስቅ ነበር፣ ሆዴ እስኪያመኝ፤ መሳቅም ጡንቻውን ያሠራዋል ብላለች ፀሐይነሽ።

አንድ ማክሰኞ ግን ተያዝኩ። በገበያው ማለፍ ስለነበረብኝ ቅዳጁን ታጥቄ አውቶብስ ገባሁ። ኬላው ላይ ሴት ፈታሿ ሆዴን ደባበሰችና መጋረጃ ኋላ ወሰደችኝ። ከአሰብ የመጣ ጨርቅ ሆዳቸው ላይ ጠምጥመው የሚያሳልፉ ሴቶች ብዙ ስለነበሩ ኮንትሮባንድ ያገኘች መስሏታል። ፈትታ ያገኘችው የጋቢ ቡቱቶ ነው። «ምንድን ነው ይሄ?» አለች። ሌላ የማመካኘው ስላልነበረኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ አማቴን፣ ልጄን፣ ኢዳውን። ካኪዋን እንደለበሰች ተቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ ተነስታ ቅዳጁን ራሷ መልሳ አሰረችልኝ።

«ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር» አለች። «ሂጂ። እኔም አማት አለችኝ።»

ፀሐይነሽም ቅዳጁን አየችው። ምክንያቱን ስነግራት ፊቷን አኮሰተረች። «እኔ የማክምሽ እንድትቆሚ ነው፣ ሰው እንድትበቀዪበት አይደለም።»

«ሲስተር፣ ሁለቱም የሚሠራው በአንድ ጡንቻ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። ግን ጣቷን አስገብታ ለካችና «ሁለት ተኩል» አለች።

በኢድ ማግስት እንድሪስ መጣ። ለጀላል ጫማ ይዞ ነበር። የለይላ በር ላይ ቆሞ እኔን ሳይሆን ሆዴን ሰላም አለው። ከስቶ ነበር፤ ሰሜን ያየውን ነገር ለማንም እንዳላወራ ዓይኑ ይናገራል። ጀላልን ሲያቅፈው ልጁ ጢሙን ያዘና ሳቀ፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ በሩ አዞረብኝ።

«ረሂማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ማን እንደሆነ ንገሪኝ። ስሙን ብቻ።»

«ማንም የለም። ያኔም ነግሬሃለሁ።»

«ሆድሽን እያየሁት?»

ጫማውን ከእጁ ተቀበልኩ። እሱ ልጁን መሬት አስቀመጠና «የሰው ባይሆን ኖሮ አሁኑኑ መልሼሽ ነበር» አለ።

እወደው ነበር። ይህን የምጽፈው ሰው አዘነችለት ብሎ እንዲያስብልኝ አይደለም፤ ስለነበረ ነው። እጄ መቀነቱ ላይ ነበር፤ ጫፉን ብስበው ቅዳጁ መሬት ይወድቅና ባሌ ይመለስልኛል። ሁለት ጊዜ ተንፍሼ ሆዴን ሰበሰብኩ፤ ፀሐይነሽ እንዳስተማረችኝ፣ ከታች ጀምሬ። ሦስት ጊዜ ወላሂ ብዬው ያላመነኝን ሰው ጨርቅ ወድቆ ካሳመነው፣ ነገ እናቱ ሌላ ስትጠቁም ሌላ ጨርቅ ከየት ላመጣ ነው? «ጫማው ይሰፋዋል፤ ያድግበታል» አልኩት። ሄደ።

ከሄደ በኋላ ምንጣፌን አነጠፍኩና አሥሩን ሃያ አደረግኩት።

ሁለተኛው ሐይድ በሰኔ፣ ሦስተኛው በሐምሌ መጨረሻ መጣ። በነሐሴ የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ዝናብ በሚወርድበት ቀን፣ ፀሐይነሽ ጭንቅላቴን ቀና አስደርጋ ጣቶቿን አጋደመች። አንድ ብቻ ገባ፤ እሱም ጥልቅ አላለም። ሆዴ ሥሩ እንደ ተወጠረ ከበሮ ነበር። «ጨረስን» አለች። «እንስራ መሸከም ትችያለሽ። ስታነሺ ግን ተንፍሺ።» እጇን ልስም ስል ከለከለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ።

ሐይዴ ጠርቶ ትጥበቴን ከታጠብኩ በሦስተኛው ቀን ለይላ ለሸህ ሰይድ መልእክት ላከች፤ ረሂማ ጉዳዩን ልትጨርስ ትፈልጋለችና ሁለቱም ወገን ይሰብሰብ ብላ። አማቴ ይህን ስትሰማ ልትናዘዝ ነው ብላ ለሰፈሩ አወራች። ለጀላልም አንቀልባ ገዝታ ይዛ መጣች፤ አዲስ፣ በዛጎል ያጌጠ። ያን ቀን ልጁን አዝላ ልትመለስ ነበር።

ያው ምንጣፍ፣ ያው ሰው። እንድሪስ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እኔ ስምንት ወር የሚያህል ሆድ ይዤ ገባሁና መሃል ቆምኩ።

«ተናገሪ ልጄ» አሉ ሸህ ሰይድ።

ከቀሚሴ ሥር እጄን አስገብቼ የመቀነቱን ቋጠሮ ፈታሁት። ቅዳጁ አንድ በአንድ እግሬ ሥር ወደቀ፤ ሰባት ነበር። ቀሚሴ ሆዴ ላይ ተኛ። ከዚያ ወረቀቱን ለሸህ ሰይድ ሰጠኋቸው። ማኅተሙን አዩ፣ ቀኑን አዩ፣ ለጎረቤታቸው አሳለፉ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር።

«ይህ የሚያዝያ ወረቀት ነው» አሉ ሸህ ሰይድ። «የተፈቱ ሴቶች አላህ በማህፀናቸው የፈጠረውን ሊደብቁ አይፈቀድላቸውም ይላል ቃሉ። ለምን ደበቅሽ?»

«ሸህ ሰይድ፣ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ሳለ ሦስት ጊዜ ወላሂ አላረገዝኩም ብያለሁ። ያልነበረውን ምን ብዬ ልደብቅ?»

«ጨርቁስ?»

«ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም ፈርዶ ጨርሶ ነበር። እኔ ወፍራም ለበስኩ።»

እንድሪስ ብድግ አለ። ፊቱ በርቶ ነበር፣ ምስኪን። «መልሻታለሁ» አለ። «ሸህ ሰይድ፣ ሰዎች፣ ምስክር ሁኑ። ሚስቴን መልሻታለሁ።»

ሸህ ሰይድ እጃቸውን አንስተው አስቆሙትና ወደ እኔ ዞሩ። ምን እንደሚመጣ ገብቷቸው ነበር። «ሐይድሽ ስንት ሆነ?»

«ሦስት። ከፈታኝ በኋላ ሦስት። ትጥበቴንም ጨርሻለሁ።»

«በዚህ የሴቲቱ ቃል ይያዛል» አሉ ቀስ ብለው። «ኢዳዋ አልቋል፣ እንድሪስ። አሁን ከፈለግክ እንደማንኛውም ወንድ ሽማግሌ ልከህ ታስጠይቃታለህ።»

ሁሉም አየኝ። «ሽማግሌዎቹን በዚህ ዝናብ አያድክማቸው» አልኩ።

እንድሪስ ተቀመጠ። ስላሳዘነኝ አላየሁትም፤ እኔ ያን ቀን የመጣሁት ለሌላ ሰው ነው።

ሸህ ሰይድ ወደ አማቴ ዞሩ። «ከሪማ፣ ያለ አራት ምስክር የሴት ስም ያነሳ ሰው ቅጣቱ ሰማንያ ጅራፍ ነው። ጅራፍ በእጃችን የለም። ልጁ የእናቱ ነው፤ ይህ አለቀ። አንቺ ግን ድንጋይ ተሸክመሽ አፉ በይኝ በያት።»

በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ጥፋተኛው ድንጋይ አንገቱ ላይ ጭኖ ይቆማል፣ የተበደለው «አፉ ብያለሁ» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። እስኪል ድረስ አይወርድም። የበሩን መደገፊያ ድንጋይ አምጥተው ማጅራቷ ላይ አደረጉላት። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ይዛ ፊቴ ቆመች።

«አፉ በይኝ፣ ረሂማ።»

በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ። ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ጠራረገ። ለይላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። አማቴ በአምስተኛው ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ ድንጋዩን ላለመጣል ወደ ኋላ ተለጠጠች፣ ቀሚሷም ሆዷ ላይ ተወጠረ።

ያን ጊዜ አየሁት። ከመቀነቷ በላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ቁልል። የእኔን የሚያስንቅ፣ ከደረቷ እስከ እምብርቷ የተዘረጋ። ዘጠኝ ልጅ፣ ዘጠኝ መቀነት፣ ስንትና ስንት ዓመት እንስራ። ቁጭ ብድግ ባለች ቁጥር ወገቤን ወገቤን የምትለው ለካ በዚህ ነው። ምን ሆነች ብዬ የጠየቅኩት ጥያቄ መልሱ ፊቴ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተንፍሺና ሆድሽን ሰብስቢ ብላት ድንጋዩ ይቀላት እንደነበር አውቃለሁ። አላልኳትም።

አሥር ሲሞላ ተጠጋኋት። ተነፈስኩ፣ ከታች ጀምሬ ሰበሰብኩ፣ ድንጋዩን ከማጅራቷ ላይ በሁለት እጄ አንስቼ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ሆዴ ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌዎቹ ቃሉን ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ። እሷም ቀና ብላ በተስፋ አየችኝ፤ ድንጋዩ ከወረደ ቃሉም ይከተላል ብላ።

ድንጋዩን እግሯ ሥር አስቀመጥኩና ሆዷን በጣቴ ጠቆምኩት።

«እማማ፣ ሆድዎ ገፍቷል» አልኳት፤ ገበያ እንደሚሰማ አድርጌ። «ስንት ወርዎ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ከሪማ ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቀስ ብላ አንገቷን ደፋችና፣ በሕይወቷ አይታው እንደማታውቅ፣ የገዛ ሆዷን አየችው። ሁለት እጇን ላዩ ላይ አደረገች።

አንቀልባውን ከአጠገቧ አነሳሁ። ጥሩ ቆዳ ነበር። ጀላልን አዝዬበት፣ የዛጎሉን ማሰሪያ ሆዴ ላይ ሳይሆን ደረቴ ላይ አጥብቄ ወጣሁ። ሸህ ሰይድ ከኋላዬ «ረሂማ፣ ቃሉስ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ለይላ ጫማዬን ይዛ ተከተለችኝ።